ቀጰዶቅያ፦ ድንጋዩ ቤት የሆነበት ምድር

በመካከለኛው ቱርክ፣ በቀጰዶቅያዋ ጎሬሜ ሸለቆ የሚቆም እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዙት ሹል ሹል ድንጋዮቹ ናቸው። ከጥንት እሳተ ገሞራዎች የወጣ አመድ ተከምሮ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። ዝናብና ነፋስ ሲሸረሽሩት፣ ጠንካራ ድንጋይ ከላዩ የሸፈነው ሳይናድ ቀረ፤ ብዙዎቹ ባርኔጣ የደፉ የሚመስሉት በዚህ ነው።

ይበልጥ የሚደንቀው ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ድንጋዩ በቀላል መሣሪያ ይፈለፈላል፤ ውስጡ በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ፣ በበረዶ ወራት ሞቃት ነው። ነዋሪዎቹ መኖሪያና ጋጣ፣ የወይን መጭመቂያ፣ ኩሱ ለማዳበሪያ የሚሰበሰብበት የርግብ ቤት ሳይቀር ፈልፍለዋል። ደሪንኩዩ የተባለው የምድር ውስጥ ከተማማ ወደ 85 ሜትር ይጠልቃል! አየር የሚገባበት ጉድጓድ አለው፤ ጠላት ሲመጣ መተላለፊያው ከውስጥ በሚንከባለል ክብ ድንጋይ ይዘጋ ነበር።

ቀጰዶቅያ የሚለው ስም ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ተጠቅሷል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው ቅዱስ ባስልዮስም የቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ጳጳስ ነበር። ላሊበላን ያየ ሰው ደግሞ የጠራቢዎቹን ድካም ሳይነገረው ይረዳል።

ዩኔስኮ ጎሬሜን እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ብዙ ጎብኚ በፊኛ ተሳፍሮ ከላይ አይቶት ይመለሳል፤ ይህ ግማሹን እንኳ ማየት አይደለም። የሚሄድ ሰው ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ወደሚባለው ይግባ። ብርሃን የሚያገኘው በአንዲት ትንሽ መስኮት ስለሆነ የግድግዳ ሥዕሎቹ ቀለም እስከ ዛሬ ደማቅ ነው።