ጉጉቷ አለች፣ ሒሳቡ የለም፦ ስለ አንድ የእርሻ ፊልም

«ትልቁ ትንሽ እርሻ» የተባለው የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አዘጋጁ ጆን ቼስተር ከባለቤቱ ከሞሊ ጋር ከሎስ አንጀለስ ከተማ ወጥተው፣ አፈሩ የሞተ 800 ዱናም ያህል መሬት ይዘው እንዴት እንዳለሙት ያሳያል።

የፊልሙ ዋና ቁም ነገር አውሬና ተባይን ያዩበት መንገድ ነው። ቀንድ አውጣ የፍራፍሬውን ዛፍ ሲወር መርዝ አልረጩም፤ ዳክዬዎቻቸውን ለቀቁበት። እንደኛ አገር ፍልፈል ሥር የሚቆርጠውን አውሬ ጉጉቶች አደኑት። ዶሮ የፈጀውን ቀበሮ ጆን አንድ ቀን ተኩሶ ይገድላል፤ ኋላ ግን ዶሮዎቹን በውሻ ሲያስጠብቅ፣ ቀበሮው ፊቱን ወደ ፍልፈሉ እንዳዞረ ያያል። ይህ ክፍል እውነተኛ ነው፤ ገበሬው ሲሳሳትም ይታያልና።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንደተገኘ ይነገረናል፤ ስንት እንዳወጣ፣ እርሻው መቼ ራሱን እንደቻለ አይነገረንም። ከማለዳ እስከ ማታ የሚሠሩት ሠራተኞችም ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። እስከ 1975ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙዎቹ የቤተ እሥራኤል ገበሬዎች ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት አርሰው ምርቱን ያካፍሉ ነበር። እንዲህ ያለፈ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መሬቱ የማን ነው? ወጪውን ማን ቻለው?» ብሎ ነው። ፊልሙ ይህን ስለሚያልፈው፣ እርሻ ለመጀመር የሚያስብ ቤተሰብ ፊልሙን ብቻ አይቶ ቢነሳ ይጎዳል።

ያለ ትልቅ ሀብት የሚሆነውን ለማየት ወደ ቤት ሸዓን ሸለቆ መሄድ ይበቃል። በኪቡጽ ስዴ ኤሊያሁ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዕብራይስጥ ቲንሼሜት ለምትባለው ጉጉት የእንጨት ሣጥን በማሳ ላይ እየተሰቀለ፣ ወፏ በዚያ እየፈለፈለች የሜዳ አይጥ ትበላለች። የአይጥ መርዝ ግን የተመረዘውን አይጥ የበላውን ወፍ ጭምር ይገድላል፤ ስለዚህ መርዙን የሚያበዛ ገበሬ ረዳቱን ያጠፋል። ኋላም የዮርዳኖስና የፍልስጥኤም ገበሬዎች በሥራው ተባብረዋል። በአገራችን ጉጉት ስትጮኽ እንደ ክፉ ምልክት ትቆጠር ነበር፤ እዚህ የገበሬ ወዳጅ ሆናለች።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት እላለሁ፤ ከነጉድለቱ። የምታዩትም ከአያቶችና ከልጆች ጋር ይሁን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆች ይተረጉማሉ። አፈር ለምን እንደሚደክም፣ መሬት ለምን እንደሚያርፍ፣ ፍልፈል በየት በኩል እንደሚቆፍር ደግሞ ልጆቹ አያውቁም፤ ያንን የሚያስረዱት አያቶች ናቸው።