ስፌቱ የት ላይ ነው?

ከደች ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ሥራውን የሚጀምረው በአፉ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። ደች ቃል ከቃል አጣብቆ ስለሚጽፍ ዓይን የሳተውን ስፌት ጆሮ ያገኘዋል።

በላቲን አሥር ፊደል ያለው አንድ ቃል አለ። ከአምስተኛው ፊደል በኋላ ቢቆረጥ «ማሳ-ኸቤት»፣ የብዙ ሕዝብ ጸሎት ነው። ከሰባተኛው በኋላ ከሆነ «ማሳዠ-ቤት»፣ የማሳጅ አልጋ። ሲነገሩ ግን አይምታቱም፤ በጸሎቱ ድምፁ የሚጫነው «ማ» ላይ፣ በአልጋው «ሳ» ላይ ነው። (አልጋ «ቤት» መባሉ ለአበሻ ሌላ ጣጣ ነው።)

ይህስ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚያስፈራው «ቮርኮመን» ነው፦ «ቮር» ላይ ሲጫን መከሰት፣ «ኮ» ላይ ሲጫን መከላከል። በመድኃኒት መግለጫ ላይ ከ«ራስ ምታት» ቀጥሎ ሲመጣስ? ተርጓሚው አንድ ጊዜ «ራስ ምታት ሊከሰት ይችላል» የሚለውን «ራስ ምታትን ይከላከላል» ብሎ ጻፈ። ስህተቱ የታየው ረቂቁን ሊያስረክብ ሲል የደቹን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው። ኀላፊ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቀው ነበር፤ መከሰቱ ተፈልቅቆ «ክዋም ቮር» ሲሆን መከላከሉ እንደተጣበቀ «ቮርክዋም» ይላል። ደቾችም ግራ እንዳያጋባ ሲፈልጉ አናባቢው አናት ላይ ጭረት ያሳርፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለአንባቢው ይተዉታል።

«ገና» ላልቶና ጠብቆ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የእኛም ፊደል ጥብቀቱን አይናገርም።

በጥምር ቃል ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ቃል ላይ ይጫናል። «ስታትሆይስ»፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ግን «ሆይስ» ላይ ይከብዳል፤ «ቡረንኮል» የሚባለው ጎመንም «ኮል» ላይ። ለምን ብሎ ከመከራከር በቃል መያዝ ይሻላል።

መስመር ሲያልቅ ደግሞ ጉዳዩ የአታሚው ይሆናል። «ክዋርት-ስላኸን» ሩብ ዙሮች ናቸው፤ «ክዋርትስ-ላኸን» የኳርትዝ ንብርብሮች። ሰረዙ ያለ ቦታው ከወደቀ ማሽኑን ሩብ ዙር አዙር የተባለ ሰው ድንጋይ ፍለጋ ይገባል። የግዕዝ ብራና ጸሐፊዎች ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም፤ ቃሉን በየትኛውም ፊደል ሰብረው ያለ ምልክት ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገሩ ነበር፤ የቃሉን ዳር የሚያሳየው ሁለት ነጥቡ ነው።

ተርጓሚው አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥመው በደብተሩ ኅዳግ ላይ በግዕዝ ፊደል ይጽፈዋል። የጉድጓድ ወጥመድ ማለት የሆነው «ቫልኮይል» ጭልፊትና ጉጉት ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ በላቲን ልዩነቱ አይታይም። በአማርኛ ግን «ቫልኮይል» ወይም «ቫልክኦይል» ብሎ መጻፍ ግድ ነው፤ «ኮ» ከተጻፈ ወፎቹ የሉም።