ያልዋሸችው ተራኪ

አዲሲቱ ሙሽራ ማንደርሊ በሚባለው ሰፊ ቤት አድራ የነጋላት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ብቻዋን በተቀመጠችበት ክፍል ስልክ ይጮኻል፤ ታነሳለች። ከወዲያ ያለው ድምፅ ሚስስ ደ ዊንተርን ይፈልጋል። እሷም ደንገጥ ብላ ተሳስተዋል፣ ሚስስ ደ ዊንተር ከሞተች ከዓመት በላይ ሆኗታል ትላለች። የተደወለው ግን ከዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ደዋይዋ የቤቱን አገልጋዮች የምታዝዘው ሚስስ ዳንቨርስ ናት። የተፈለገችውም ሚስስ ደ ዊንተር ስልኩን ያነሳችው ሙሽራ ራሷ ናት።

ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ «ሬቤካ» የተሰኘውን ልብ ወለድ በ1938 እ.ኤ.አ. ስታሳትም 31 ዓመቷ ነበር። በትዳር ውስጥ የተሸሸገ ወንጀልን የሚተርኩት የዛሬዎቹ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች ብዙ ነገር የወረሱት ከዚህ መጽሐፍ ነው። አሁንም ግን የሚስተካከለው ያገኘሁለት አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ምስጢሩን ሁሉ መግለጥ ግድ ይሆንብኛል፤ መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

የታሪኩ መነሻ ቀላል ነው። የአንዲት ሀብታም አሜሪካዊት ተከፋይ አጃቢ የሆነች ዓይን አፋር ወጣት፣ ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ማክሲም ደ ዊንተር ከሚባል እንግሊዛዊ ባላባት ጋር ትተዋወቃለች። ዕድሜው የእሷን እጥፍ ነው። ሚስቱ ሬቤካ ባሕር ላይ በጀልባዋ ሰጥማ ሞታበታለች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጋቡና በባሕር ዳር ወዳለው ርስቱ ይዟት ይመጣል። እዚያም የሟቿ የእጅ ጽሑፍ፣ የሟቿ የዝናብ ልብስ፣ ከኪሱ የተገኘው መሐረብ፣ የሟቿ የምግብ ምርጫ ሁሉ በየቦታው ይጠብቃታል። ሬቤካ ውብ ነበረች፣ እንግዳ አቀባበል ታውቅ ነበር፣ ሁሉ ሰው ይወዳት ነበር። ባሏም ከሐዘኗ አልወጣም። ተራኪዋ እንዲህ ታምናለች፤ እኛም እናምናለን።

እውነቱ ሌላ ነው። ማክሲም ሬቤካን ይጠላት ነበር፤ በጥይት የገደላትም እሱ ነው።

ዱ ሞሪዬ ይህንን እውነት ከአንባቢ አልደበቀችም። ይህ ነው ደጋግሜ የሚያስደንቀኝ። የማክሲም እህት ቢያትሪስ በመጀመሪያው ጉብኝቷ ሙሽራዋን አይታ፣ ከሬቤካ ፍጹም የተለየሽ ነሽ ትላታለች። ተራኪዋ ይህን የምትሰማው እንደ ስድብ ነው፤ በሁለተኛው ንባብ ግን ሙገሳ ሊሆን እንደሚችል ይገባናል። ባሕሩ ዳር የሚውለው የአእምሮ ዘገምተኛው ቤን ያቺኛዋ እባብ እባብ ትል ነበር ይላል። የቤን ቃል ስለሆነ ማንም ቁም ነገር አይለውም። ሙሽራዋ ውሻውን ተከትላ ወደ ባሕሩ ዳር ጎጆ ስትሄድ ማክሲም ይቆጣል፤ የእኔ ዓይነት ትዝታ ቢኖርሽ ወደዚያ መሄድ አትፈልጊም ነበር ይላታል። ሐቁን ነው የተናገረው። ሬቤካ የሞተችው እዚያ ጎጆ ውስጥ ነው። ተራኪዋ ግን «ትዝታ» ሲባል የሚታያት ፍቅር ብቻ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው የፍራንክ ክሮሊ ቃል ነው። ፍራንክ የርስቱ አስተዳዳሪ፣ ጭምት ሰው ነው። ሙሽራዋ በብዙ ፍርሃት ሬቤካ በጣም ቆንጆ ነበረች ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ፊቱን ያዞራል፤ ጥቂት ዝም ይልና በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ውቧ ነበረች ይላታል። ተራኪዋ በዚህ መልስ ትደቆሳለች። ፍራንክ ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው፤ ደግ ነበረች አላለም፣ ጥሩ ሚስት ነበረች አላለም። እንዲያውም ከዚያው ጭውውት ውስጥ ለአንድ ባል ከውበትና ከጨዋታ አዋቂነት ይልቅ ደግነትና ቅንነት እንደሚበልጡበት ነግሯት ነበር። ደራሲዋ ቁልፉን እጃችን ላይ አኑራዋለች፤ እኛ ደግሞ ከተራኪዋ ጋር እየተሳቀቅን የሰማነው «ውቧ» የሚለውን ብቻ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የጊሊያን ፍሊን «ጎን ገርል» አንባቢን ያታለለው በሐሰተኛ የቀን ማስታወሻ ነው። የማስታወሻው ጸሐፊ ኤሚ ሆን ብላ ትዋሻለች፤ ውሸቷ ሲገለጥ ወለሉ ከእግራችን ሥር ይከዳናል። ጎበዝ ሥራ ነው። የዱ ሞሪዬ ተራኪ ግን አንድም ጊዜ አትዋሽም። ያየችውን ያየች፣ የሰማችውን የሰማች ናት። የሚያሳስታት ቅናቷና ራሷን መናቋ ነው። ታማኝ ሰው ሲያሳስተን መጠራጠር ከየት ይመጣል?

ለዚህ የሚያገለግል አንድ የአሠራር ዘዴ አለ፤ ቶሎ አይታይም። ተራኪዋ ሕልመኛ ናት። ሰዎች ከኋላዋ ስለ እሷ ምን እንደሚሉ፣ ሬቤካ በዚህ ወንበር እንዴት እንደተቀመጠች፣ ስልኩን እንዴት እንዳነሳች ረጅም ትዕይንት በልቧ ትሠራለች፤ ቃለ ምልልሱ ሳይቀር ተሟልቶ። ምናብ መሆኑን ትነግረናለች። ሆኖም ምናቡ ከእውኑ ይልቅ ደማቅ ስለሆነ፣ ከጥቂት ገጾች በኋላ ያየነው ነገር ሆኖ ይታወሰናል። መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ሬቤካ የማውቀውን ስመረምር፣ ብዙው ማንም ያልመሰከረው፣ ሙሽራዋ ብቻዋን ተቀምጣ የፈጠረችው ነበር። አንድ ምሽት ማዕድ ላይ እንዲህ ስታልም ፊቷ ይለዋወጣል። ማክሲም ያስተውልና ያ ፊትሽ ደስ አላለኝም ይላታል። ለቅጽበት ሬቤካን እንዳየባት ያኔ የሚጠረጥር አንባቢ ብዙ አይመስለኝም።

ደራሲዋ ለተራኪዋ ስም አለመስጠቷም ብዙ ተብሎለታል። ዱ ሞሪዬ ራሷ ስም ሊመጣላት ስላልቻለ ነገሩ የአጻጻፍ ፈተና እንደሆነባት ጽፋለች። የሟቿ ስም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ፣ በወረቀቱና በመሐረቡ ላይ አለ፤ የሕያዋ ስም የትም የለም።

ልቡናዬን የያዘው ግን የኑዛዜው ምሽት ነው። ከዚያ በፊት በቤቱ በተደረገ የማስመሰያ ልብስ ግብዣ ላይ ሙሽራዋ በሚስስ ዳንቨርስ ምክር ተታልላ፣ ሬቤካ የለበሰችውን ዓይነት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወርዳለች። በማግሥቱ ዳንቨርስ መስኮት አጠገብ አቁማ ዝለዪ፣ ሙቺ ትላታለች። ልትዘል በተቃረበች ጊዜ የአደጋ ምልክት ሮኬት ከባሕሩ ይፈነዳል፤ መርከብ ከአለት ጋር ተጋጭታለች። ያንን የሚመረምር ጠላቂ የሬቤካን ጀልባ ያገኛል፣ ውስጧም አስከሬን። ሙሽራዋን ከሞት ያዳነው ድምፅ ባሏን ለስቅላት የሚያቀርበው ምርመራ መጀመሪያ ሆነ። አንድ ክስተት ሁለት ክር በአንድ ጊዜ ይጎትታል።

ከዚያ ማክሲም ይናዘዛል። ገደልኳት፣ አልወደድኳትም ይላል። ሚስቱ የሰማችው የትኛውን ነው? አልወደድኳትም የሚለውን! ልቧ በደስታ ይሞላል። እኔም አንባቢው እፎይ አልኩ። አንድ ሰው ሚስቱን በጥይት ገድሎ፣ ሬሳዋን ጀልባ ውስጥ ከትቶ፣ ጀልባዋን በስቶ እንዳሰጠማት እየተነገረኝ፣ እንኳን አልወደዳት ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያም በቀሩት ምዕራፎች ሁሉ እንዳይያዝ ስጸልይ ነበር። ትልቁ የታሪክ መጠምዘዝ ይህ ነው፤ የሚጠመዘዘው ሴራው ሳይሆን የአንባቢው ሕሊና ነው። ደራሲዋ ለዚህ ስታዘጋጀን የቆየችው በቅናት ነበር። መጽሐፉ ስለ ቅናት እንደሆነም ራሷ ተናግራለች።

እዚህ ላይ ደግሞ የሚከነክን ነገር አለ። ሬቤካ ክፉ እንደነበረች በዝርዝር የሚነግረን ማን ነው? ገዳይዋ። ዳንቨርስ ወንዶችን ትንቅ እንደነበር ትመሰክራለች፤ ዋናው ክስ ግን የባልየው ነው፤ ተከሳሿም መልስ መስጠት አትችልም። ዱ ሞሪዬ ይህንን ሳትፈርድ ክፍት ትተዋለች። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1940 እ.ኤ.አ. ፊልም ሲያደርገው ግን የወቅቱ የሆሊውድ ደንብ ሚስቱን የገደለ ሰው ሳይቀጣ እንዳይቀር ስለሚያስገድድ፣ ሬቤካ ወድቃ ጭንቅላቷ ተመትቶ እንደሞተች ተደረገ። ፊልሙ በምርጥ ፊልምነት ኦስካር ወስዷል፤ ውብም ነው። ነገር ግን ሞቱ አደጋ ሲሆን የአንባቢው ጥፋት አብሮ ይሰረዛል፤ ከመጽሐፉም የከበደው ነገር ወጣ ማለት ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ፋቬል የሚባለው የሬቤካ ወዳጅ ሲያስፈራራ ንግግሩ ይንዛዛል። በመጨረሻም ለንደን ያለው ሐኪም ሬቤካ በካንሰር ልትሞት እንደነበር፣ መውለድም እንደማትችል ይገልጣል። ካንሰሩ ሴራውን አጥብቆ ያስራል፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡር መስላ ባሏን የተነኮሰችው እንዲገድላት ፈልጋ መሆኑን ያሳያል። የማኅፀኗ ጉድለት ግን ምን ሊጨምር እንደገባ አልገባኝም። ክፋትን ከሴት ማኅፀን ጋር ማያያዝ ለዚህ ደራሲ አይመጥንም።

ይህን ያልኩት ሥራው በጥብቅ መመርመርን ስለሚችል ነው። «ሬቤካ» ከታተመ ወዲህ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ያነበባችሁት ካላችሁ ሙሽራዋን ተዉና ሁለተኛ ጊዜ ፍራንክ ክሮሊን ብቻ ተከታተሉት፤ ምን እንዳለ፣ መቼ ፊቱን እንዳዞረ፣ መቼ ዝም እንዳለ። እውነቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ እንደነበር ታያላችሁ።