«የአፍታ መገናኘት»፤ ስለ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ፊልም ጥቂት ሒስ

በቅርቡ ከምኖርበት ከመሪ ሰፈር በቀላል ባቡር ተሳፍሬ፥ ከአንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ጋራ ወደ መሀል ከተማ ወርጄ፥ አንድ የቆየ የእንግሊዝ የፍቅር ፊልም ተመለከትሁ። ፊልሙ ዴቪድ ሊን ያዘጋጀው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 የወጣው «ብሪፍ ኢንካውንተር» ነው፤ በአማርኛ «የአፍታ መገናኘት» ልንለው እንችላለን። መነሻውም ኖኤል ካዋርድ በ1936 ያቀረበው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው። ፊልሙን ቀድሞ ያየሁት በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ነበር። በዚያን ጊዜ ጓደኞቼ በተዋንያኑ ጭምትነት ይሥቁ ስለ ነበረ፥ እኔም ዘመን ያለፈበት ነው ብዬ ፈረድሁበት። ይህ ጽሑፍ ያን ፍርድ ለማረም የተጻፈ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሎራ የተባለች ባለ ትዳርና የልጆች እናት በየሐሙሱ በባቡር ወደ ገበያ ትሄዳለች። አንድ ቀን በጣቢያው ዓይኗ ውስጥ የገባውን ጉድፍ አሌክ የተባለ ሐኪም ያወጣላታል፤ እርሱም ባለ ትዳር ነው። ጥቂት ሐሙሶች እንዳለፉ ይፋቀራሉ፤ ነገር ግን ፍቅራቸው ሳይፈጸም እርሱ በጆሃንስበርግ ሊሠራ ይወስናል፥ እርስዋም ወደ ባሏ ትመለሳለች።

የእኛ ተመልካች የፍቅርን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያያቸው የትውልድ ሐረግና የአባት ኩራት ነው። በእንግሊዙ ፊልም ግን የሚከለክል አባት የለም። ታዲያ የከለከላቸው ማን ነው? ይህንኑ፥ ንግግሩን በጆሯቸው እያስተረጐምሁላቸው የተመለከቱትን ጎረቤቴን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ይሉኝታ ነዋ!» ሲሉ መለሱልኝ።

መልሳቸው ትክክል መሆኑን የስንብቱ ትርዒት ያስረዳል። ሁለቱ ለመጨረሻ ጊዜ በጣቢያው ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳሉ፥ ዶሊ የተባለች ለፍላፊ ወዳጅ ድንገት መጥታ ከመካከላቸው ትገባለች። ሂጂልን ሊሏት አይችሉም። የአሌክ ባቡር ይደርሳል፤ እርሱም የሎራን ትከሻ በእጁ ጫን አድርጎ ብቻ ይወጣል። በውጭ አገር የተሣቀው በዚህ ላይ ነበር። እማማ ግን፥ «አንቺ ሴትዮ፥ ተነሺላቸው እንጂ!» ብለው ጮኹ፤ በአዳራሹም ዝም ይበሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። እንግዳን ከማዕድ ማስነሣት ነውር በሆነበት አገር ያደገ ሰው፥ ያች እጅ ምን ያህል እንደ ተናገረች ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

ይሁን እንጂ ይሉኝታ ሁሉን አይፈታም። ይሉኝታ የሰው ዓይን ይፈልጋል፤ ሎራ ግን ከስንብቱ በኋላ ብቻዋን ወጥታ ራሷን በባቡር ፊት ልትጥል የቃጣችው፥ ኑዛዜዋንም ለባሏ በልቧ ብቻ የምትናገረው ማንም ሳያያት ነው። ስለዚህ ፊልሙ በይሉኝታ ጀምሮ በኅሊና ይጨርሳል። የወጣበትም ዘመን ጦርነቱ ብዙ ባልና ሚስትን ለዓመታት የለያየበት ስለ ነበረ፥ የታማኝነት ጥያቄ ለተመልካቹ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጉድለቶቹን ደግሞ ልሰውር አልፈልግም። የሻይ ቤቷ ኀላፊና የባቡር ሠራተኛው እርስ በርስ ይዋደዳሉ፤ ፍቅራቸው ግን ለሣቅ ብቻ የቀረበ ነው። ሐዘን የባለ ደህና ኑሮ ርስት ሆኖ፥ ለሠራተኛው የተተወለት ቀልድ ነው። እንዲሁም አፍሪካ በዚህ ፊልም ውስጥ ፍቅር ተሸኝቶ የሚጠፋበት ሩቅ ቦታ እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አይደለችም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ይህ ሳይታይ የሚያልፍ አይደለም።

ስንመለስ ባቡሩ ጉርድ ሾላን አልፎ ወደ መሪ ሲቃረብ፥ በዝምታ የቆዩት እማማ፥ «ባልየው ግን ዐውቆ ነበር» አሉ። እውነትም በመጨረሻ ባልየው፥ ሚስቱ ከሩቅ የተመለሰች ያህል ያመሰግናታል። እኔ ይህን ሰው የቃላት እንቆቅልሹን ብቻ የሚፈታ ደነዝ አድርጌ ቈጥሬው ነበር። ዐውቆ ዝም ያለ ሰው መሆኑን የተገነዘብሁት፥ ከዲግሪዬ ሳይሆን ከጎረቤቴ ነው።