አቤቱታና ዝምታ፤ ከኮረም በቀረበው የረኃብ ፊልም ላይ የተሰጠ ሒስ

በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢ.ቢ.ሲ. ዘጋቢ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ፊልም አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት አጭር ፊልም በእንግሊዝ አገር ታየ። ኮረም ከራያ ቆላ በላይ በደጋው ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ፊልሙ የዓለምን ልብ አራርቶ ብዙ እርዳታ እንዲመጣ ማድረጉ አይካድም፤ ምስጋናም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ስለ ሕዝቡ እምነት ያሳደረው አሳብ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ዘጋቢው ረኃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ከተነገረው ረኃብ ጋር አመሳሰለው። ከዚህም የተነሣ ተመልካቹ በንጋት ብርድ ተከናንቦ የተቀመጠውን ሕዝብ ሲያይ፣ ከጥንት ዘመን የመጣና መከራውን በዝምታ የተቀበለ ሕዝብ ያየ መሰለው። በፊልሙ የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የዘጋቢው ስለ ሆነ፣ የተራበው ሰው ለፈጣሪው የሚለው ቃል ሳይሰማ ቀረ።

በቆቦና በራያ ቆላ በመከራ ጊዜ የሚነገረው ቃል ግን ብዙ ነው። ክርስቲያኑ ምሕላ ይዞ «እግዚኦ» ይላል፤ ሙስሊሙ በወዳጃ ተሰብስቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዱዓ ያደርጋል። ሁለቱም ደኅንነታቸውን ሲጠየቁ፣ ጎተራቸው ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ አስቀድመው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። ይህ ምስጋና «ችግር የለብኝም» ማለት ሳይሆን «ከችግሬ በላይ ዳኛ አለ» ማለት ነው። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። «አቤቱ» ብሎ አምላኩን የሚጠራ ሰው፣ «አቤት» እያለ በዳኛ ፊት ከሚጮኸው ባለጉዳይ ጋር በቃል ይገናኛል፤ አቤቱታም የተበደለ ሰው ክስ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጸሎት ሙግት እንጂ እጅ መስጠት አይደለም።

ሥራውም ከቃሉ ጋር ይስማማል። የቆቦ ገበሬ ቆይቶ የሚደርሰውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ የበልጉ ዝናም የቀረ እንደ ሆነ መሬቱን መልሶ አርሶ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። ከተራራው የሚወርደውንም ጎርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው ይመራዋል። «እግዜር ያውቃል» እያለ ዳግመኛ የሚዘራን ሰው፣ መከራውን ዝም ብሎ ተቀበለ ማለት አይቻልም።

ሆኖም ፊልሙን መንቀፍ ብቻውን ፍርዱን አያሟላም። ረኃብን «የእግዜር ቁጣ» ብሎ መተው የሰውን ጥፋት ይሸፍናልና። የ1965ቱ የወሎ ረኃብ፣ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪገልጠው ድረስ ከዓለም ተሰውሮ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ በረኃብ እያለቀ፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ይከበር ነበር። ዝናሙን የነሣ ሰማይ ቢሆንም፣ እህል እንዳያልፍ መንገድ የዘጋው ጦርነት የሰው ሥራ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ድርቅ ብቻውን ረኃብን እንደማያመጣ፣ ገበሬውን ለረኃብ የሚያጋልጠው የኑሮው ሥርዐት መሆኑን ገልጠዋል።

እንግዲህ የዘጋቢው «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረኃብ» እና የባለ ሥልጣኑ «ድርቅ» በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሰማይ መላካቸው ነው። ገበሬው ወደ ሰማይ የጮኸው ግን በምድር የሚሰማው ዳኛ ስላጣ ነው። ወደ ፊት ስለ ራያ የሚጽፍም ሆነ ፊልም የሚያነሣ ሰው፣ የሕዝቡን መልክ ከማሳየቱ አስቀድሞ አቤቱታውን በራሱ ቃል ሊያሰማለት ይገባል።