አድማጩን እዩ

ጥሩ ፊልም የምለይበት አንድ ልማድ አለኝ። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ዓይኔን ከተናጋሪው ላይ አንሥቼ በሚያዳምጠው ላይ አሳርፋለሁ። ተናጋሪውን የሚያግዘው ብዙ ነው፤ ደራሲው ቃል ሰጥቶታል፣ ድምፁም እጁም ይሠሩለታል። አድማጩ ግን ባዶ እጁን ነው የቆመው። ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ተዋናይ ብቻ ከታየኝ ፊልሙን መጠርጠር እጀምራለሁ። የሰማው ነገር ሲከብደው፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን ሲሞክር ካየሁ ግን ተስተካክዬ እቀመጣለሁ።

ሰሞኑን የድሮውንም የቅርቡንም ቀላቅዬ ሳይ የከረምኩት በዚህ ዓይን ነው። ያስቀደምኩት የያሱጂሮ ኦዙን «የቶኪዮ ታሪክ» (እ.ኤ.አ. 1953) ነበር። ባልና ሚስት አዛውንት ከኦኖሚቺ ተነሥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ከልቧ የምታስተናግዳቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። ታሪኩ ይኸው ነው። ኦዙ ካሜራውን መሬት ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርገው ያኖሩታል፤ ተዋንያኑም ሌንሱን ሊያዩ ምንም ያህል አይቀራቸውም። ስለዚህ አንዱ ሲናገር የሚነገረው ለእኛ ነው። ወዲያው የሌላው ፊት ሲመጣ ደግሞ ቃሉ ከእኛ አፍ የወጣ ይመስል መልሱን እንጠብቃለን።

ወደ ፊልሙ መጨረሻ አማቷ ኖሪኮን ሌላ ባል እንድታገባ ይመክሯታል፤ የሟች ባለቤታቸውንም ሰዓት ይሰጧታል። እሷ እርስዎ እንደሚያስቡኝ ደግ አይደለሁም ብላ ትናዘዛለች። አማቷን የሚጫወቱት ቺሹ ርዩ ያን ጊዜ የሚያደርጉትን ልብ በሉ። አይደነግጡም፣ ለማስተባበልም አይቸኩሉም፤ የነገረቻቸውን እንዳለ ይቀበሉታል። 70 ዓመት ገደማ የሆኑትን ሽማግሌ የተጫወቱት እኚህ ሰው ያኔ ገና 49 ዓመታቸው ነበር። ሜካፕ ረድቷቸዋል፤ ያሳመነኝ ግን አደማመጣቸው ነው። ከገጠር የመጡ ወላጆቹን በጠባብ ቤት አስተናግዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም ጃፓንኛ ባይሰማም ይረዳዋል።

ከሱ አስከትዬ የቪም ቬንደርስን «ፐርፌክት ዴይስ» (እ.ኤ.አ. 2023) አየሁ። አጋጣሚ አልነበረም። የቶኪዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳው ዋና ገጸ ባሕርይ ሂራያማ ይባላል፤ የ«ቶኪዮ ታሪክ» ቤተሰብም መጠሪያው ሂራያማ ነው። ሂራያማ ብዙም አይናገርም። ወጣቱ የሥራ ባልደረባው ይለፈልፋል፣ የእህቱ ልጅ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይሰማል። ፊልሙ ሁሉ የአንድ አድማጭ ምስል ነው ማለት ይቻላል፤ ሂራያማን የተጫወቱት ኮጂ ያኩሾ በካን የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ማግኘታቸው ይገባቸዋል። ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። መጸዳጃ ቤቶቹ ገና ሳይጸዱ ንጹሕ ናቸው። የሥራውን ክብር ሊያሳየን የተነሣ ፊልም ቆሻሻውን ለምን ይሸሽገናል? ሰውዬው ሲፈትግ እናያለን፣ የሚፈትገውን ግን አናይም። ጉልበቱ የት እንደሚሄድ ስላላየሁ ማታ ላይ የሚያገኘው ሰላምም ትንሽ ቀለለብኝ።

ይህን ጉድለት በፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ውስጥ አታገኙትም። የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚተውኑት ሰዎች በአብዛኛው ሙያተኞች አይደሉም። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፣ ይሳደባል፤ ጭሰኛው ቆሞ ይሰማል። ካሜራው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ሆኖ ይቆያል፤ ስድቡ ሜዳውን ሲሻገር፣ የሚሰማው ሰው ደግሞ ሥራውን ሳያቋርጥ ሲሸከመው እናያለን። እርሻው እውነተኛ እርሻ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው ፊልሙ ረዘመብኝ ይላል፤ 150 ደቂቃ ነው፣ እውነትም ረጅም ነው። ግን የሰለቸን ሰዓት ጭሰኛው የማይወጣው ሰዓት ነው፤ ያንን አሳጥሮ የሚነግረን ፊልም ስለ ግፉ ከመንገር አያልፍም። እረኛዋ ልጅ የባለርስቱን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል መሞቷ እንዲያ የሚመረው ላሟን የመጠበቅን ድካም አስቀድመን አብረናት ስላሳለፍን ነው።

በ«ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) እኚሁ አዘጋጅ ይበልጥ ይናገራሉ። የጀርመኑ ክፍል ክርክር ይበዛበታል፤ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው የለም፣ ምናልባት ሐሳባቸውም ይኸው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ጣና ዳር ያለው ቤት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ አእምሮው ታውኮ ተመልሷል፤ እናቱ የሚጠይቁት ጥቂት፣ የሚያዩት ብዙ ነው። የጆርጋ መስፍንና የቪጄይ አየር ሙዚቃ ለዚህ ዝምታ ቦታ ይለቅለታል። የማጀቢያ ሙዚቃ ጉዳይ ከተነሣ አይቀር፣ በብዙ የሀገራችን ፊልሞች ላይ ፒያኖው ተዋናይዋ ሳታዝን አስቀድሞ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ ፊቷን ብቻ እዩ፤ ሐዘኑ እዚያ ከሌለ ሙዚቃው አያመጣውም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) በዚህ በኩል አስተማማኝ ነው። ትንሹ ኤፍሬም ስለ እሱና ስለ በጉ ትልልቆቹ ሲወስኑ ይሰማል። ኤፍሬምን የሚጫወተው ረድኤት አማረ ፊቱን አያጨማድድም፤ ልጅ ነገር ሲደበቅበት ዝም ብሎ እንደሚያሰላው ያሰላል፣ ከዚያ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይወጣል። «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ጉዳዩ የጠለፋና የፍርድ ቤት ስለሆነ ማስረዳት ይበዛበታል፣ አንዳንዱም ንግግር ለውጭ ተመልካች የተጻፈ ይመስላል። ትዝታ ሀገሬ ሂሩትን ሆና ጠበቃዋን ስትሰማ ግን ያ ሁሉ ይረሳል፤ የሚነገራትን ማመን ፈልጋ መፍራቷ ያለ ቃል ይነበባል።

መለኪያዬ የማይሠራበት ፊልም ደግሞ አለ። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ስለ ሐረርና ስለ ጫት ነው፤ ድምፁ ከአንድ ቦታ፣ ፊቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ማን ለማን እንደሚናገር ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አድማጩን ፍለጋ ዓይኔን ባንከራትትም አላገኘሁትም። እዚያ የሚሻለው ጆሮን ማስቀደም ነው፤ የቅጠሉን መንሿሿት፣ የጫኞቹን ጥድፊያ፣ የወጣቶቹን የመሄድ ወሬ። በስልክ አትዩት። ክፍሉን አጨልሙ፣ ደህና ድምፅ ማጉያ ተዋሱ፣ 2 ሰዓቱንም ሳታቋርጡ ስጡት።