የፈተና ክለሳና የተማሪው ሥጋት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለው ውጤት ሥጋት ማሳደሩ አይካድም። ይሁንና በብዙ ክፍሎች የሚታየው ክለሳ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በሰሌዳ ላይ ገልብጦ መልሳቸውን ከማስነበብ አያልፍም። ይህ ዘዴ ሥጋቱን ያባብሳል እንጂ ዕውቀትን አያጸናም።

ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በልጠው ቢገኙም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ የበለጡት ያነበቡትን ከቃላቸው እንዲያስታውሱ የተጠየቁት ናቸው። እንግዲህ ችግሩ ከመጠየቁ ሳይሆን ከአጠያየቁ ነው።

ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶም መልሱን ወዲያው ይሰማል፤ በተራውም ጠያቂ ይሆናል። ክለሳም በዚሁ መንገድ፣ በየሳምንቱ፣ ያለ ማርክ ሊካሄድ ይችላል። ነገር ግን ፈጣኑን ብቻ የሚሸልም ውድድር ከሆነ ደካማው ተማሪ ዝምታን ይማራል፤ ጨዋታውም ሌላ ፈተና ይሆንበታል። ስለዚህ መምህሩ በቅድሚያ ሊያዳምጠው የሚገባው የዝምተኛውን ተማሪ ስሕተት ነው።